ብዙ ማይክ፣ አንድ ባንድ

እ.ኤ.አ. በ2019 ኦስቲናቶ ሬከርድስ የተባለ የሙዚቃ አሳታሚ ተንቀሳቃሽ የመቅረጫ ዕቃውን ይዞ ጅቡቲ ከተማ ገባ። ሊቀዳ የፈለገው የብሔራዊውን ሬዲዮና ቴሌቪዥን ባንድ፣ ግሩፕ አርቲዲን ነበር። የተፈቀደለት ጊዜ ሦስት ቀን ብቻ ነው። በመንግሥት በዓላትና በእንግዳ አቀባበል ላይ መጫወት ልማዱ የሆነው ይህ ባንድ፣ ከዚያ ቀረጻ የወጣው አልበሙ በ2020 ታትሞ ከጅቡቲ ውጭም አድማጭ አገኘ።

እንዲህ ያለውን ባንድ መቅዳት ቀላል አይደለም። የመሐመድ አብዲ አልቶ ሳክስፎን አለ፣ የአብዲረዛቅ ሐጂ ሱፊ ጊታር አለ፤ ኪቦርድ፣ ቤዝ፣ ድራምና ዘፋኞች ይጨመራሉ። ድራም ብቻውን ስንት ማይክ ይፈልጋል! ለትልቁ ከበሮ አንድ፣ ለትንሹ ከበሮ ለስኔሩ አንድ፣ ለቶሞቹ አንዳንድ፣ ከላይ ደግሞ ለጸናጽሎቹ ሁለት። በአጠቃላይ ከአሥር በላይ ማይክ መደርደር የተለመደ ነው።

እያንዳንዱ ማይክ ኦዲዮ ኢንተርፌስ በሚባለው ሣጥን ላይ የየራሱ መግቢያ አለው። ቀጂው በሶፍትዌሩ ላይ ለእያንዳንዱ መግቢያ አንድ ትራክ ይከፍትና የሁሉንም ቀይ ቁልፍ አብርቶ ያስጀምራል። ከዚያ በኋላ ኮምፒውተሩ ሁሉንም በአንድ ሰዓት ቆጣሪ እየለካ ጎን ለጎን ይጽፋል። ሥራው የዋዛ አይደለም፦ በ48 ኪሎኸርትዝና በ24 ቢት የሚቀዳ አንድ ትራክ በደቂቃ 8.6 ሜጋባይት ያህል ይፈጃል፤ 16 ትራክ ለአንድ ሰዓት ሲቀዳ ከ8 ጊጋባይት ያልፋል። ዲስኩ ከመሙላቱ በፊት ይህን አስልቶ መነሳት የቀጂው ፋንታ ነው።

ታዲያ ትራኮቹ ተለያዩ ማለት ድምፆቹ ተለያዩ ማለት አይደለም። ባንዱ በአንድ ክፍል ውስጥ አብሮ ሲጫወት ስኔሩ በሳክስፎኑ ማይክ ውስጥም፣ ከላይ በተሰቀሉት ማይኮችም ይሰማል። ድምፅ አንድ ሜትር ለመጓዝ 3 ሚሊሰከንድ ያህል ስለሚወስድበት፣ ያው አንድ ምት ወደ ሩቁ ማይክ ዘግይቶ ይደርሳል። ጆሮ ይህን መዘግየት የክፍሉ ስፋት አድርጎ ይቀበለዋል። ቀጂው ግን ስሕተት አርማለሁ ብሎ የስኔሩን ትራክ ብቻ ትንሽ ወደፊት ቢገፋው፣ ያ አንድ ምት ሁለት ይሆናል፤ ወይም ሆዱ የጎደለ ቀጭን ድምፅ ይወጣዋል።

ትራኮችን በቡድን ማሰር የሚያስፈልገው በዋናነት ለዚህ ነው። ፕሮቱልስም ሆነ ሪፐር የተባሉት የመቅረጫ ሶፍትዌሮች የድራሙን ትራኮች በሙሉ አንድ ግሩፕ ለማድረግ ያስችላሉ። ከታሰሩ በኋላ አንዱን መቁረጥ ሁሉንም መቁረጥ ነው፤ አንዱ ሲንቀሳቀስ ሁሉም እኩል ይንቀሳቀሳሉ። ብዙ ጀማሪዎች ግሩፕን ለስክሪን ማስዋቢያ፣ ቀለም ለመቀባት ብቻ ይጠቀሙበታል። ይህ ትልቅ መዘናጋት ነው።

ሌላም ዓይነት ማሰሪያ አለ። ባስ በሚባለው አሠራር የትራኮቹ ድምፅ በአንድ የጋራ መስመር ተደምሮ ያልፋል፤ በሪፐር ፎልደር ትራክ ማድረግም ያው ነው። በመስመሩ ላይ የተቀመጠ ኮምፕረሰር (ጮክ ያለውን ድምፅ የሚያለዝበው መሣሪያ) ድራሙን የሚሰማው እንደ አንድ መሣሪያ ነው። አንድ ወጥመድ ግን አለው። የዘፋኞቹ ድምፅ እንዲያስተጋባ ከየትራካቸው ወደ ሌላ መስመር ተልኮ ከሆነ፣ የዘፋኞቹን ባስ ዝቅ ማድረግ ገደል ማሚቶውን ዝቅ አያደርገውም። ዘፋኙ ጠፍቶ ማሚቶው ብቻ ይቀራል! ቪሲኤ የሚባለው ፋደር (የድምፅ መጠን መቆጣጠሪያ) መፍትሔ ይሆናል፤ እሱ የሚያዘው የየትራኩን ፋደር ስለሆነ የሚላከውም ድምፅ አብሮ ይቀንሳል።

በቴፕ ዘመን መጀመሪያ ይህን ያህል ትራክ አልነበረም። አምፔክስ ለጊታሪስቱ ሌስ ፖል ባለ ስምንት ትራክ ማሽን የሠራለት በ1957 ነው፤ ቢትልሶች በ1967 የወጣውን ሳርጀንት ፔፐር የተባለ አልበም ሲቀዱ ግን የነበራቸው ባለ አራት ትራክ ማሽን ነበር። አራቱ ሲሞሉ ደምረው ወደ ሌላ ቴፕ ይገለብጡና ቦታ ያስለቅቃሉ። ያ ድምር፣ ወጥ ውስጥ እንደገባ ጨው፣ ተመልሶ አይወጣም። በሶፍትዌር የሚደረገው ድምር ግን የሚፈታ ነው፤ ከታች ያሉት ትራኮች ሳይነኩ ይቆያሉ። ለእኔ የዲጂታል ቀረጻ ትልቁ ስጦታ ይኸው ነው፤ ከዋጋው መርከስ ይልቅ።

ልዩነቱ በጅቡቲ ሬዲዮ መዝገብ ቤትም ይታያል። እዚያ ከ5,000 በላይ የሪልና የካሴት ቅጂዎች ተጠብቀዋል። አንድ ላይ ተደምሮ ሪል ላይ የተቀመጠ ዘፈን ላይ ግን ቤዙን ከፍ አድርጉልኝ ማለት አይቻልም። ስፕሊተርን የመሰሉ ድምፅ ለያይ ፕሮግራሞች ከ2019 ጀምሮ በነፃ ይገኛሉ፤ ነገር ግን ግምታቸው በማይክ የተቀዳውን ያህል ንጹሕ አይሆንም።

ስለዚህ ስቱዲዮ ገብታችሁ የምትቀዱ ሙዚቀኞች፣ ሒሳብ ከፍላችሁ ስትወጡ ያለቀውን ዘፈን ብቻ ይዛችሁ አትሂዱ። እያንዳንዱ ትራክ ስሙ ተጽፎበት፣ ሁሉም ከአንድ መነሻ ነጥብ እንዲጀምሩ ተደርጎ በዲስክ እንዲሰጣችሁ ጠይቁ፤ ቅጂውንም ሁለት ቦታ አስቀምጡ።