ጎማ የሚደርስበት ከፍታ፦ ስለ ሰነቴ መንገድና ስለ ቱሉ ዲምቱ ጫፍ



የዛሬው ገለጻ ስለ አንድ መንገድ ነው። ከጎባ ከተማ ተነሥቶ የባሌን ተራሮች አቋርጦ ወደ ደሎ መና የሚወርደው መንገድ፣ ከእርሱም ተገንጥሎ ወደ ቱሉ ዲምቱ ጫፍ የሚወጣው ጥርጊያ የነገራችን መነሻ ይሆናል። በቋንቋችን «ተራራ ወጣ» ስንል በእግሩ የወጣውንም በመኪና የወጣውንም በአንድ ግሥ እንጠራቸዋለን። ሁለቱ ግን አንድ አይደሉም። በእግሩ የወጣ ሰው ከፍታውን በሳንባውና በጉልበቱ ቆጥሮ ይደርሳል። በመኪና የወጣው ደግሞ ሳይቆጥር ይደርሳል፤ ሒሳቡ የሚመጣበት ከደረሰ በኋላ ነው። ይህ ልዩነት በሰው አካል ላይም፣ በተራራው ሕይወት ላይም ምን እንደሚያስከትል ማሳየት እፈልጋለሁ።

በመጀመሪያ ሥፍራውን እንወቅ። ቱሉ ዲምቱ በኦሮምኛ «ቀዩ ኮረብታ» ማለት ነው፤ ከፍታው ከባሕር ወለል በላይ 4,377 ሜትር ነው። በዙሪያው ያለው የሰነቴ አምባ ምድር በአመዛኙ ከ4,000 ሜትር በላይ የተንጣለለ ሲሆን፣ በአፍሪካ በዚህ ከፍታ ላይ ይህን ያህል ሰፊ ሌላ ምድር የለም። በጎብኚዎች መምሪያዎች ላይ ቱሉ ዲምቱ «የኢትዮጵያ ሁለተኛው ከፍተኛ ተራራ» ተብሎ ሲጻፍ ታገኛላችሁ። ይህ አባባል ጥንቃቄ ይፈልጋል። በሰሜን ተራሮች ውስጥ እንደ ቧሂት ያሉ ከእርሱ የሚበልጡ ጫፎች አሉ፤ እነርሱን የራስ ዳሸን ተራራማ ክፍል አካል አድርገን ከቆጠርን ብቻ ነው ቱሉ ዲምቱ ሁለተኛ የሚሆነው። የሰነቴ መንገድም «በአፍሪካ ክረምት ከበጋ የሚያስኬድ ከፍተኛው መንገድ» መባሉ የተለመደ ነው። ደረጃው እንደ አቆጣጠሩ ይለያያል። ከሌላው ዓለም ጋር ስናነጻጽረው ግን ነገሩ ግልጽ ይሆናል፦ በአሜሪካ ኮሎራዶ ውስጥ መኪና እስከ ጫፉ የሚወጣበት ስመ ጥሩው ፓይክስ ፒክ 4,302 ሜትር፣ በሐዋይ የሚገኘው ማውና ኬያ ደግሞ 4,207 ሜትር ነው። የእኛው ቀይ ኮረብታ ከሁለቱም ይበልጣል።

ጎባ ራሷ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ደጋ ከተማ ናት። መኪናው ከተማዋን ለቆ ሽቅብ ሲያቀና በመጀመሪያ የጽድና የኮሶ ዛፎች ይቀበሉታል። ኮሶው ግንዱ ቀላ ያለ፣ ቅርንጫፉ ሽበት የመሰለ ነገር የተንጠለጠለበት ነው። ከፍ ሲባል አሜጃው በቢጫ አበባው ይታያል፤ ቀጥሎም አስታ ይነግሣል። አስታ ከታች በኩል ዛፍ ነው፤ ወደ ላይ በወጣን መጠን ቁመቱ ያጥራል፣ በመጨረሻም ጉልበት የማይደርስ ቁጥቋጦ ይሆናል። ለሥነ ምኅዳር ተማሪዎች ከዚህ የተሻለ መማሪያ ክፍል አላውቅም። የሙቀት መጠን በአማካይ በየ1,000 ሜትሩ 6.5 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል የሚለውን ቁጥር በመጽሐፍ ስታነቡት ቁጥር ብቻ ነው፤ እዚህ ግን የአንድ ዝርያ ዕፅ ቁመት እየቀነሰ ሲሄድ በመስኮት ታዩታላችሁ።

ከአስታው በላይ ድንገት ሜዳ ይገለጣል። ብዙ ሰው የሚጠብቀው ሹል ጫፍ ነው፤ የሚያገኘው ግን ነፋስ የሚጋልብበት፣ ትናንሽ ኩሬዎች የተበተኑበት፣ ብርማ ቅጠል ባላቸው ቁጥቋጦዎች የተሸፈነ ሰፊ ምድር ነው። በመካከሉ ጅብራው ብቻውን ቆሞ ይታያል። ጅብራ ለዓመታት በቅጠሉ እየኖረ ኃይሉን ያጠራቅምና አንድ ጊዜ ብቻ ከሰው ቁመት የሚበልጥ የአበባ ዘንግ አውጥቶ ይሞታል። ለምን እንዲህ ሆነ ብሎ የሚጠይቅ ተማሪ የሰነቴን ሌሊት ማሰብ አለበት። በዚያ ከፍታ ትልቁ የሙቀት ልዩነት በወራት መካከል ሳይሆን በቀንና በሌሊት መካከል ነው። ቀን ፀሐይ ፊት ታቃጥላለች፤ በበጋ ሌሊት ደግሞ ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች እስከ 15 ዲግሪ የወረደበት ጊዜ ተመዝግቧል። በየዕለቱ በጋና ክረምት ለሚፈራረቁበት ተክል፣ እምቡጡን በወፍራም ቅጠል አቅፎ ማደር የመኖርና ያለመኖር ጉዳይ ነው።

ምድሩ ራሱ የእሳተ ገሞራ ሥራ ነው፤ የላይኛውን ገጽታ ግን በረዶም ቀርጾታል። ባለፈው የበረዶ ዘመን በእነዚህ ከፍታዎች ላይ የበረዶ ግግር ነበር። በአምባው ላይ መስመር ይዘው የተደረደሩ ታላላቅ ድንጋዮች የሚታዩባቸው ቁልቁለቶች አሉ፤ ሰው የደረደራቸው ይመስላሉ፣ የደረደራቸው ግን መሬቱ እየረጋና እየቀለጠ ያደረገው እንቅስቃሴ ነው።

እዚህ ላይ ከመንገዱ ትንሽ ልውጣ። በባሌ ተራሮች ውስጥ ፊንጫ ሀበራ የሚባል የድንጋይ መጠለያ አለ፤ ከፍታው 3,469 ሜትር ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ሳይንስ በተባለው መጽሔት የታተመ ጥናት እንዳሳየው፣ ሰዎች ከ47,000 እስከ 31,000 ዓመታት በፊት ባለው ጊዜ ውስጥ ይህን መጠለያ እየተመላለሱ ኖረውበታል። ምግባቸው በአብዛኛው ግዙፉ ፍልፈል ነበር፤ ለመሣሪያ የሚሆናቸውን ጥቁር የእሳተ ገሞራ መስተዋት ድንጋይም ከ4,200 ሜትር በላይ ካለ ሥፍራ ያመጡ ነበር። እነዚያ ሰዎች የበረዶ ግግር በአጠገባቸው እያለ፣ እኛ ዛሬ በመኪና ደርሰን ራሳችንን ወደሚያዞረን ከፍታ ለሥራ ይወጡ ነበር ማለት ነው። ተራራው ሰው የማያውቀው ምድረ በዳ ነበር የሚለውን አስተሳሰብ ይህ ግኝት ከሥሩ ይነቅለዋል። በኋለኛው ዘመንም ከብቶቻቸውን በወቅት እየለዩ ወደ ከፍታው የሚያወጡና የሚያወርዱ አርብቶ አደሮች «ጎዳንቱ» የሚባል የዝውውር ሥርዓት ነበራቸው። መንገዱ ወደ ባዶ ሥፍራ የገባ አይደለም።

አሁን ወደ አካላችን እንመለስ። በ4,377 ሜትር ላይ የአየር ግፊቱ በባሕር ወለል ካለው ከመቶ 60 ገደማ ነው። የኦክስጅን ድርሻ አይለወጥም፤ የሚቀንሰው ግፊቱ ነው፤ ስለዚህ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የምናስገባው መጠን ያንሳል። ውኃ በ86 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፤ ከዚያ ላይ ሻይ ያፈላ ሰው ለምን እንደማይጣፍጠው አሁን ያውቃል። ተርቦ የሌለው ሞተርም እንደ እኛው ያለከልካል፤ በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ አሥረኛ ያህሉን ያጣል።

«እኛ ደገኞች ነን፤ ከፍታ አያመንም» የሚል አባባል ደጋግሜ እሰማለሁ። ግማሽ እውነት አለው። በሰሜን ተራሮች 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ ወገኖቻችንን ያጠኑት ሲንቲያ ቢልና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት ሥራ፣ የሄሞግሎቢን መጠናቸውም ሆነ የደማቸው የኦክስጅን ሙሌት በባሕር ወለል ከሚኖሩ ሰዎች ጋር የሚቀራረብ መሆኑን አሳይተዋል። ይህ ከቲቤትም ከአንዲስም ነዋሪዎች የተለየ ነበር። ነገር ግን ይህ በከፍታ ላይ ተወልዶ ያደገ ሕዝብ ውጤት ነው እንጂ ፓስፖርት ለያዘ ሁሉ የሚታደል ጸጋ አይደለም። አዲስ አበባ የኖረ ሰው የተወሰነ መላመድ አለው፤ ከድሬዳዋ ወይም ከውጭ አገር በሁለት ቀን ውስጥ የመጣ ሰው የለውም። እረፍት ላይ ከዋሽንግተን ወይም ከቴል አቪቭ የመጣ ዘመዳችሁን ወደ ሰነቴ ስትወስዱ፣ ወላጆቹ ደገኞች መሆናቸው ሳንባውን አያለማምደውም።

ብዙዎች ጫፉን አይተው በደኅና ይመለሳሉ። ለምን? የከፍታ ሕመም ምልክቶች፣ ማለትም ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ድካምና እንቅልፍ ማጣት፣ ብዙውን ጊዜ ከስድስት እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው የሚጀምሩት። ለሁለት ሰዓት ወጥቶ የሚወርድ ጎብኚ ሕመሙ ሳይደርስበት ያመልጣል። አደጋው መኪናው ሲበላሽና ሌሊቱ በላይ ሲመሽበት ነው፤ ያን ጊዜ ቀጭን አየርና ብርድ በአንድነት ይመጣሉ። ስለዚህ ምክሬ አጭር ነው። በጉዞው ዋዜማ 3,100 ሜትር አካባቢ ባለችው በዲንሾ እደሩ፤ የደጋ አጋዘኑንም በዚያው ታያላችሁ። የልብ ወይም የሳንባ ሕመም ያለበት ሰው አስቀድሞ ሐኪም ያማክር። ራሱን የሚያመው ሰው ከዚያ በላይ አይውጣ፤ የሚወላገድ፣ ንግግሩ የሚዘባረቅ ወይም ተቀምጦም ትንፋሽ የሚያጥረው ካለ ወዲያውኑ ይውረድ፤ የሚሻለው እንደሆነ እስኪታይ መጠበቅ አይገባም። በማውና ኬያ ጎብኚዎች 2,800 ሜትር ላይ ባለው ጣቢያ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ቆመው እንዲለማመዱ ይመከራሉ። በእኛም መንገድ እንዲህ ያለ ማረፊያ ቢኖር ብዙ ወጪ የሚጠይቅ አይመስለኝም።

እስካሁን የተናገርሁት ተራራው በእኛ ላይ ስለሚያደርገው ነው። ከዚህ ይልቅ የሚያሳስበኝ እኛ በተራራው ላይ የምናደርገው ነው። ከመስኮታችሁ ውጭ መሬቱን በጥንቃቄ ከተመለከታችሁ አፈሩ የተፈነቃቀለ መሆኑን ታያላችሁ፤ ይህ በዓለም ላይ ከባሌ በቀር በሌላ ሥፍራ የማይገኘው የግዙፉ ፍልፈል ሥራ ነው። በአጠገቡ ጆሮውን አቁሞ፣ ጎንበስ ብሎ የሚጠብቀው ቀይ ቀበሮ ነው። ቀይ ቀበሮ በቤተሰብ ይኖራል፣ ድንበሩን በኅብረት ያስከብራል፣ ሲያድን ግን ብቻውን ነው። የኦሮሞ አርብቶ አደሮች «ጄዳላ ፈርዳ»፣ የፈረስ ቀበሮ ይሉታል። በዓለም ላይ የቀሩት ለአካለ መጠን የደረሱ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 ያነሱ ሲሆኑ፣ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በእነዚህ ተራሮች ውስጥ ናቸው።

ትልቁ ጠላታቸው አዳኝ አይደለም፤ የእብድ ውሻ በሽታና ዲስተምፐር ነው። ሁለቱም ከቤት ውሾች ይተላለፋሉ። እ.ኤ.አ. በ2003 በተነሣው የእብድ ውሻ ወረርሽኝ በዌብ ሸለቆ ከነበሩት ቀበሮዎች ሦስት አራተኛ ያህሉ አለቁ። ወረርሽኙን ለመግታት የተወሰደው ርምጃ ለማስተማሪያነት የሚበቃ ነው፦ ሁሉንም ቀበሮ መከተብ ስለማይቻል፣ አንዱን ሸለቆ ከሌላው በሚያገናኙ ጠባብ መተላለፊያዎች ያሉት ተለይተው ተከተቡ። በሽታው መተላለፊያ ሲያጣ ቆመ። እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ በሥጋ ውስጥ ተደርጎ በአፍ የሚሰጥ ክትባት በባሌ በመደበኛነት ተጀመረ።

እንግዲህ መንገድም መተላለፊያ ነው። በመንገድ ዳር መኖሪያ ይመጣል፤ ከመኖሪያ ጋር ውሻ ይመጣል፤ የተጣለ ምግብ ውሻውን ሜዳው ድረስ ይስበዋል። ጎብኚ የጣለው የሥጋ ትራፊ እንግዲህ ከቆሻሻ በላይ ነው። ፍጥነትም እንዲሁ፤ ሜዳው ክፍት ስለሆነ ሾፌሩ ይረግጣል፣ ቀበሮው ግን ከመኪና ለመሸሽ የተፈጠረ አይደለም። ብሔራዊ ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1970 ተመሥርቶ በ2023 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ ምዝገባው የጎብኚውን ቁጥር ይጨምር ይሆናል እንጂ በራሱ ፍጥነት አይቀንስም። መንገዱ ይዘጋ የሚሉ ወዳጆች አሉኝ፤ አልስማማም። ለደሎ መና ገበሬ መንገዱ መዝናኛ አይደለም፤ ወደ ሆስፒታልና ወደ ገበያ መድረሻው ነው። የማታ ጉዞን መገደብ፣ የፍጥነት ማብረጃ ማድረግ፣ የውሾችን ክትባት ሳያቋርጡ መቀጠል ግን መንገዱን ሳይዘጉ የሚሠሩ ሥራዎች ናቸው።

ወደ ጫፉ ስለሚወስደው ጥርጊያ የተለየ አስተያየት አለኝ። ጫፉ ላይ የመገናኛ ማማዎች አሉ፤ ጥርጊያውም የሚያደርሰው እነርሱ ዘንድ ነው። ለእይታ ከሆነ የአምባው ጠርዝ ይበልጣል። መኪናችሁን ከሥር አቁማችሁ የመጨረሻውን ክፍል በዝግታ በእግራችሁ ብትወጡ ግን፣ በመጀመሪያ ያነሣሁት የሁለቱ አወጣጦች ልዩነት በአንድ ሰዓት ውስጥ ይገባችኋል፤ በየሃያው ርምጃ ትቆማላችሁ፣ ስትቆሙም ፍልፈሉን ታያላችሁ።

ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው የበጋ ወቅት ሰማዩ ንጹሕ ነው። ከአምባው በስተ ደቡብ መንገዱ ገደሉን ይዞ እየተጠማዘዘ ወደ ሪራ መንደርና ወደ ሐረና ደን ይወርዳል፤ ሾፌሮች ፍሬን እንዳይግል በዝቅተኛ ማርሽ ይውረዱ። ጉም ያረገዘው አስታ፣ ከዚያ ቀርከሃውና የባሌ ጦጣ፣ ከዚያም ከትልልቅ ዛፎች ሥር በዱር የበቀለ ቡና ይከተላል። ማለዳ ውርጭ የረገጠ ሰው ከሰዓት በኋላ በደሎ መና ቆላ ኮቱን አውልቆ ጥላ ይፈልጋል። ካርታውንና የከፍታ ንድፉን በስክሪኑ ላይ ትቼዋለሁ፤ ጥያቄ ያላችሁ ከዚያ መጀመር እንችላለን።