የልጆቻችን ቪዲዮ አያቶች ስልክ ላይ እንዲከፈት

ባለፈው የእንቁጣጣሽ በዓል ልጆቻችን ያቀረቡትን ዝግጅት ሁላችንም እናስታውሰዋለን። ልጃገረዶቹ አበባየሆሽ ጨፈሩ፤ ትንንሾቹ በሰሌዳው ፊት ቆመው ፊደል ቆጠሩ፤ ከፍ ያሉት ደግሞ ለዘመዶቻቸው የጻፉትን ደብዳቤ አነበቡ። በዚያው ሳምንት ትምህርት ቤታችን የስምንት ደቂቃ ቪዲዮ አዘጋጅቶ ለወላጆች ላከ። ወላጆችም ወደ አገር ቤት አስተላለፉት።

ከጥቂት ቀናት በኋላ አንዲት የተማሪ እናት ወደ ቢሯችን መጡ። ደሴ የሚኖሩት እናታቸው ቪዲዮውን ለማውረድ የሞሉትን ካርድ ጨርሰዋል። ሲከፍቱት ግን ስልካቸው ድምፅ እንጂ ምስል አላሳየም። የልጅ ልጃቸውን ድምፅ እየሰሙ ጥቁር መስኮት ሲያዩ ቆዩ። ጥፋቱ የእሳቸውም የስልካቸውም አልነበረም፤ የእኛ ነበር። ቪዲዮውን ያዘጋጀነው በእኛ ስልክና በእኛ ኢንተርኔት ልክ ነው። ከዚያ ወዲህ የተማርነውን ወላጆችና ተማሪዎች እንዲጠቀሙበት እዚህ እናካፍላለን። ነገሩ ሁሉ በአንድ መመሪያ ይጠቃለላል፦ ቪዲዮ ሲቀየር መለኪያው የተቀባዩ ስልክና የተቀባዩ ኪስ ነው።

ሞሰቡና እንጀራው

በፋይሉ ስም መጨረሻ ላይ የምናየው "ኤምፒ4" የሚለው መለያ እንደ ሞሰብ ነው። ሞሰቡ ተዘግቶ ሲታይ ውስጡ ምን እንዳለ አይታወቅም። በውስጡ ምስሉና ድምፁ ለየብቻ፣ እያንዳንዳቸው ኮዴክ በሚባል የማሳነሻ ዘዴ ተጠቅልለው ይቀመጣሉ። ስልኩ የድምፁን ኮዴክ አውቆ የምስሉን ካላወቀ፣ የደሴዋ እናት የገጠማቸው ይመጣል፤ ድምፅ አለ፣ ምስል የለም።

ዛሬ በብዛት የምናገኛቸው የምስል ኮዴኮች ሁለት ናቸው። ኤች 264 የወጣው እ.ኤ.አ. በ2003 ሲሆን አሮጌውም አዲሱም ዘመናዊ ስልክ ያጫውተዋል። ኤች 265 በ2013 የወጣ ነው። ያንኑ ጥራት በግማሽ በሚያህል መጠን መያዝ ይችላል፤ ርካሽና ቆየት ያሉ ስልኮች ግን ብዙ ጊዜ አይከፍቱትም። አይፎኖች ከ2017 ጀምሮ፣ በርካታ አዳዲስ አንድሮይድ ስልኮችም እንዲሁ፣ በኤች 265 ይቀርጻሉ። የእኛም ቪዲዮ የተቀረጸው በእንዲህ ያለ ስልክ ነበር። ስለዚህ ተቀባዩ ምን ዓይነት ስልክ እንደያዘ ካላወቅን ምርጫችን ኤምፒ4፣ ለምስሉ ኤች 264፣ ለድምፁ ኤኤሲ ይሁን። ፕሮግራሙ "10 ቢት" የሚል የኤች 264 ዓይነት ቢያሳይ እሱን እንተወው፤ ብዙ ስልኮች አይችሉትም።

የፋይሉ ክብደት ከየት ይመጣል?

አንድ ስልክ በ1080 ጥራት ሲቀርጽ፣ ለምሳሌ አይፎን በኤች 264፣ በደቂቃ 130 ሜጋባይት ያህል ይይዛል። ስምንት ደቂቃ አንድ ጊጋባይት ገደማ ሆነ ማለት ነው። ናይሮቢ ውስጥ የቤት ዋይፋይ ላለው ይህ ቀላል ነው፤ በቀን ፓኬጅ ለሚጠቀም ሰው ግን ትልቅ ወጪ ነው።

የፋይሉን ክብደት የሚወስነው ቢት ሬት ነው፤ ማለትም ለእያንዳንዱ ሰከንድ የተመደበው የመረጃ መጠን። ሒሳቡ የአምስተኛ ክፍል ተማሪዎቻችን የሚሠሩት ነው። የምስሉንና የድምፁን ኪሎቢት ደምሩ፤ ስምንት ቢት አንድ ባይት ስለሆነ ለ8 አካፍሉ፤ በሰከንዶቹ ብዛት አባዙ። ለምስል 800፣ ለድምፅ 96 ኪሎቢት ብንመድብ ድምሩ 896 ነው። ለ8 ሲካፈል በሰከንድ 112 ኪሎባይት ይሆናል። ስምንት ደቂቃ 480 ሰከንድ ነው፤ 112 በ480 ሲባዛ 53,760 ኪሎባይት፣ ወደ 54 ሜጋባይት ገደማ ይመጣል። አንድ ጊጋባይት የነበረው ከሃያ እጅ ወደ አንድ እጅ ወረደ።

ነገር ግን ቢት ሬቱን ብቻ ቀንሰን የምስሉን ስፋት እንዳለ ብንተወው ውጤቱ አያምርም። ትንሽ ቅቤ በሰፊ እንጀራ ላይ እንደመቀባት ነው፤ የትም አይዳረስም። በተለይ ልጆቹ ሲጨፍሩ ምስሉ በአራት ማዕዘን ቁርጥራጮች ይበታተናል። ስለዚህ ሁለቱ አብረው መውረድ አለባቸው። ለ800 ኪሎቢት 480 ጥራት፣ ለ1500 ኪሎቢት ደግሞ 720 ጥራት ይስማማል። በሁለተኛው ምርጫ ያው ስምንት ደቂቃ 96 ሜጋባይት ገደማ ይሆናል። በሰከንድ 60 ፍሬም የተቀረጸ ከሆነም ወደ 30 ይውረድ።

ፊደል ለብቻው ይታሰብበት

የውጭ አገር መመሪያዎች የማይነግሩን አንድ ነገር አለ። የእኛ ፊደል ልዩነቱ በትንሽ ጭረት ላይ ነው። "በ"፣ "ቡ"፣ "ቢ" እና "ቤ" የሚለያዩት በእግራቸው ጎን ባለችው ቅጥል ብቻ ነው። ቪዲዮ በጣም ሲያንስ አስቀድሞ የሚጠፋው ደግሞ ይህን የመሰለ ቀጭን መስመር ነው። በመጀመሪያው ሙከራችን ሰሌዳው ላይ የተጻፈው ፊደል ሁሉ ግዕዝ የሆነ ይመስል ነበር፤ ልጁ "ቡ" ሲል ተመልካቹ "በ" ያያል። ስለዚህ ጭፈራና መዝሙር በ480 ይበቃቸዋል፤ ሰሌዳ ወይም ደብተር የሚታይበት ክፍል ግን በ720 ይሁን። በቪዲዮው ላይ የልጆችን ስም የምንጽፍ ከሆነም ወፍራምና ትልቅ ፊደል እንምረጥ።

ከድምፁ ላይ አንቆጥብ። የልጁን አማርኛ አያቱ የሚሰሙት በድምፁ ነው። ድምፁን ከ96 ወደ 32 ኪሎቢት ብናወርደው ከ54 ሜጋባይቱ የምናተርፈው አራት ያህል ብቻ ነው፤ የ"ጠ" እና የ"ጸ" ጥራት ግን ይጎዳል። ቆጥበን ከምናገኘው ይልቅ የምናጣው ይበልጣል።

አሠራሩ

እኛ የምንጠቀመው ሃንድብሬክ የተባለውን ነፃ የኮምፒውተር ፕሮግራም ነው። እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ ያለ ሲሆን በዊንዶውስም በማክም ይሠራል። ቪዲዮውን ከፍታችሁ "ፋስት 720ፒ30" የሚለውን ዝግጁ ምርጫ ንኩ። 480 ከፈለጋችሁ የምስሉን ቁመት 480 አድርጉ፤ ስፋቱን ፕሮግራሙ ራሱ ያሰላዋል። በስልክ ቁም የተቀረጸ ከሆነ ግን 480 የሚሆነው ወርዱ ነው። በቪዲዮው ገጽ ኤች 264ን፣ ቀጥሎም አማካይ ቢት ሬትን መርጣችሁ ቁጥሩን ጻፉ። "መልቲ ፓስ" የሚለውን ምልክት ብታደርጉበት ፕሮግራሙ ቪዲዮውን አስቀድሞ አንድ ጊዜ ያየዋል፤ ለጭፈራው ብዙ፣ ዝም ብሎ ለቆመው ትንሽ እያለ መረጃውን ያከፋፍላል። ጊዜ ይወስዳል፤ ግን ያዋጣል።

ስትልኩም ተጠንቀቁ። ዋትሳፕ ቪዲዮን እንደ ቪዲዮ ስትልኩት በራሱ መለኪያ እንደገና ያሳንሰዋል፤ የደከማችሁበት ፊደል እንደገና ይደበዝዛል። እንደ ዶክመንት ስትልኩት ግን እንዳለ ይደርሳል። በቴሌግራምም "ፋይል" ብሎ መላክ ይቻላል።

በመጨረሻ ሁለት ነገር እንለምናለን። አንደኛ፣ ሙሉውን ከመቀየራችሁ በፊት ግማሽ ደቂቃ ቀይራችሁ ቤት ውስጥ ባለው አሮጌ ስልክ ሞክሩት። ሁለተኛ፣ ዋናውን ቪዲዮ አታጥፉ። አንድ ጊዜ የተጣለ ዝርዝር ተመልሶ አይመጣም፤ ከትንሹ ትልቁን መሥራት አይቻልም። ልጆቹ አድገው የዛሬውን ድምፃቸውን ሲፈልጉ የሚያስፈልገው ዋናው ነው።

ለደሴዋ አያት ቪዲዮውን በ480 አዘጋጅተን በልጃቸው በኩል እንደገና ላክን። የልጅ ልጃቸው ደብዳቤ የምታነብበትን ክፍል ለብቻው ቆርጠን ከ10 ሜጋባይት በታች አደረግነው። በማግስቱ እናትየዋ ደውለው እናታቸው ቪዲዮውን አይተው ለጎረቤት ጭምር እንዳሳዩ ነገሩን። ደብዳቤው ላይ አንዲት ፊደል ስታ እንደነበርም አያት አልዘለሉትም፤ የልጅቷን ስህተት በስልክ አርመዋል። ፊደሏ ከታየች ሥራው ተሳክቷል ማለት ነው።