ባለዲሹና አዲሶቹ ድራማዎች

ዲሽ አስተካካይ ስለሆንኩ አዲስ ድራማ መጀመሩን ከማስታወቂያው ቀድሞ የሚነግረኝ ስልኬ ነው። መስከረም ሲጠባ አንድ ዙር፣ ረመዳን ሲቃረብ ሌላ ዙር ይጮኻል። ከአዋሽ ሰባት ኪሎ ደውለው "ባለዲሹ፣ ዛሬ ማታ አዲስ ይጀምራል ተብሏል፣ ቻናሉ ግን የለም" ይሉኛል፤ ሰመራና ሎጊያም ያው ነው። ስለዚህ የብዙ ድራማዎችን የመጀመሪያ ክፍል ያየሁት በሰው ሳሎን ወይም በሆቴል ግቢ ቆሜ፣ ሪሞት ይዤ ነው። ከስክሪኑ ይልቅ የማየው ደግሞ የተቀመጠውን ሰው ነው።

እዚህ አፋር አዲስ ድራማ መጀመሪያ የሚፈተነው በጆሮ ነው። ሙቀቱ አርባ ዲግሪ ሲያልፍ ቬንትሌተር ሳይከፈት ቴሌቪዥን ፊት የሚቀመጥ የለም። ቬንትሌተሩ ይጮኻል፣ መብራት ከጠፋ ጄኔሬተሩ ይጨመርበታል፣ ከውጭ የጅቡቲ መንገድ ተሳቢዎች ያልፋሉ። በዚህ መሃል ተዋናዩ በሹክሹክታ ሲያወራ፣ ሳሎኑ ሲያስተጋባ፣ ከሥሩ ክላሲካል ሲለቀቅበት "ኧረ ድምፁን ጨምረው" ይሉኛል። እጨምራለሁ። ሙዚቃው ነው የሚጨምረው። ትንሽ ቆይቶ አንዱ ስልኩን ከኪሱ ያወጣል፤ ያ ድራማ ለዚያ ቤት አበቃለት።

ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. ሲጀምር "ጥቁር ፍቅር" የተባለውን የቱርክ ድራማ በአማርኛ ድምፅ አስገብቶ አቀረበ። አዲስ አበባ ያሉ የጥበብ ሰዎች ባህላችንን ያጠፋል፣ እንጀራችንን ይወስዳል ብለው ተቃወሙ። ስለ እንጀራው እውነታቸውን ነበር። እዚህ ግን ሰዉን የያዘው የቱርኮቹ መልክ ብቻ አይመስለኝም። ድምፁ ስቱዲዮ ውስጥ የተቀዳ ነው፤ ቃል በቃል ይሰማል። አማርኛን ከገበያ የለመደች የአፋር እናት፣ አዲስ አበባ ሳሎን ውስጥ ተደራርቦ ከሚወራው ይልቅ ያንን በቀላሉ ትከተላለች። በየቀኑ በተወሰነ ሰዓት መምጣቱም ቀላል ነገር አይደለም። በ2014 ዓ.ም. በአርትስ ቲቪ የታየው "እረኛዬ" ሌላ ነበር፤ ገጠሩን ይዞ ስለመጣ ቋንቋው ያልገባውም ሰው ዓይኑን አልነቀለም።

ዘንድሮ ከጀመሩት መካከል ስም አልጠራም፤ ገና ናቸው። ሁለቱ ግን በድሮን ከቦሌ ሕንፃዎች በላይ በርረው ጀመሩና ቪላ ውስጥ አረፉ፤ ሶፋ፣ ኮት የለበሰ አባት፣ ውርስ። አዋሽ ላይ እትዬ የምላቸው የሆቴል ባለቤት "ይሄን ባለፈው ዓመት አላየነውም እንዴ?" አሉኝ። የአዋሽ ሸለቆ በቴሌቪዥን የሚመጣው ድርቅ ሲሆን፣ ጎርፍ ሲሆን፣ ወይም ስለ ሉሲ ሲነገር ነው። ከባቡር ጣቢያው፣ ከኬላው፣ ከሹፌሩና ከግመል ነጋዴው አንድ ድራማ የሚጽፍ ሰው ቢመጣ ሻዩ በእኔ ነው።

የዐረብኛው ዲሽ ሌላ ጉዳይ ነው። ብዙ የአፋር ቤት ሁለት ሰሃን አለው። አንዱ የዐረብኛ ቻናሎች ለሚመጡበት ናይልሳት ወደ ምዕራብ ዝቅ ብሎ ያያል፤ ሌላው በ2013 ዓ.ም. የአገር ውስጥ ቻናሎች ወደ ኢትዮሳት ሲዞሩ የመጣ ሲሆን፣ 57 ዲግሪ ምሥራቅ ላይ ላለው ሳተላይት ሲባል በደቡብ ምሥራቅ በኩል ወደ ሰማይ ያንጋጥጣል። እንደ ጎድጓዳ ሳህን አቧራውንም ቅጠሉንም ይቀበላል፤ ነፋሱ ብሎኑን ያላላል፤ ፀሐዩ የኤልኤንቢውን ክዳን ይሰነጥቀዋል።

በዐረብኛው ዲሽ የሚመጣው የረመዳን ተከታታይ ከኢፍጣር በኋላ በየምሽቱ ይተላለፋል። ረመዳን በሚጀምርበት ማታ በየቻናሉ አዲስ ነገር ስለሚጀምር ማንም ለመንደርደር ጊዜ የለውም፤ የመጀመሪያው ክፍል ገና ሳያልቅ የሞተ ወይም የታሰረ ሰው አለ። የእኛዎቹ በሳምንት አንድ ቀን እየመጡ ሦስት ክፍል ሰው በማስተዋወቅ ይጨርሳሉ።

በዚህ የሳምንት አንዴ ልማድ የሚጎዱት የተሳቢዎቹ ሹፌሮች ናቸው። አንዱን ክፍል አዋሽ ያየ ሹፌር ቀጣዩን ሎጊያ ያያል፤ የሚቀጥለው ሲተላለፍ ጅቡቲ ወደብ ወረፋ ላይ ነው። ሲመለስ እራት ሳያዝ አስተናጋጇን "ያቺ ልጅ አገባች?" ብሎ ይጠይቃል። "ባለፈው ክፍል" ብሎ በደንብ የሚያስታውስ ድራማ እነሱ ዘንድ ትልቅ ክብር አለው። ቅዳሜ ኳስ ካለ ግን ያም አያድነውም።

እኔ መውደዳቸውን የማውቀው ሦስተኛው ሳምንት አካባቢ ነው። ሰሃኑ በነፋስ ሲዞር ብዙውን ጊዜ ቀናት አልፈው ነው የሚደውሉት። ድራማ የያዘው ቤት ግን ማስታወቂያው ሳያልቅ ይደውላል፤ ሞተር እስካስነሳ እንኳ አይታገሡኝም። ዘንድሮ እንዲህ ያስሮጠኝ እስካሁን አንድ ድራማ ብቻ ነው፤ እሱም የመጀመሪያው ክፍል ቀርፋፋ የነበረው ነው። ድምፁ ግን ጥርት ያለ ነበር።