ስለ እንግሊዝ አገር አጥቢያዎችና ስለ ጥንት ሕንጻዎቻቸው

በእንግሊዝ አገር አጥቢያ ማለት አንድ ቤተ ክርስቲያን በዙሪያው ካለው መንደር፥ ከእርሻውና ከግጦሹ ጋራ በአንድ ቄስ የሚጠበቅበት የአገር ክፍል ነው። በቀድሞ ዘመን አጥቢያው ከጸሎት በላይ ሌላም ብዙ ሥራ ነበረበት። በ1555 መንገድን መጠገን፥ በ1601 ደግሞ ድኾችን መርዳት የአጥቢያው ግዴታ እንዲሆን በሕግ ታዘዘ። በዚህ ጽሑፍ ያለው ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው። ስለዚህ የአንዲቱን መንደር ታሪክ ለማወቅ የሚሻ ሰው የነገሥታትን ዜና መዋዕል ቢያገላብጥ ጥቂት ነገር ብቻ ያገኛል፤ ወደ አጥቢያው ቢሄድ ግን ታሪኩን በሦስት ስፍራ ተጽፎ ያገኘዋል። ይኸውም በሕንጻው፥ በመዝገቡና በመሬቱ ነው።

አስቀድሞ ስለ ሕንጻው። ኤሴክስ በሚባለው አውራጃ ግሪንስቴድ የምትባል ትንሽ መንደር አለች። የቤተ ክርስቲያንዋ ግድግዳ ከተሰነጠቀ የባሉጥ ግንድ ጐን ለጐን ተተክሎ የቆመ ነው። ቀድሞ ይህ ግድግዳ በ9ኛው መቶ ዓመት እንደ ተሠራ ይነገር ነበር። ነገር ግን ዛፍ በያመቱ በግንዱ ውስጥ አንድ ቀለበት ይጨምራል፤ ዘመኑ ለዕድገቱ ሲመቸው ቀለበቱ ይሰፋል፥ ሳይመቸው ሲቀር ይጠባል። ሊቃውንት የነዚህን ቀለበቶች ተራ ዘመኑ ከታወቀ ከሌላ እንጨት ጋራ አስተያይተው ግንዶቹ ከ1063 በፊት እንዳልተቈረጡ ተረዱ። እንዲህም ሁኖ ከእንጨት ከተሠሩት ቤተ ክርስቲያኖች መካከል በዓለም እጅግ ጥንታዊት እርስዋ እንደ ሆነች ይነገርላታል።

ዳግመኛም ዊልትሺር በሚባለው አውራጃ፥ በብራድፎርድ ኦን ኤቮን፥ አንድ ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን ብዙ ዘመን ተሰውሮ ኖረ። ዙሪያውን ቤቶች ተጠግተውበት ስለ ነበር ቤተ ክርስቲያን መሆኑ ተረስቶ፥ ከፊሉ የልጆች ትምህርት ቤት፥ ከፊሉ መኖሪያ ቤት ሁኖ ነበር። በ1856 ገደማ በድንጋዩ ላይ የተቀረጹ የሁለት መላእክት ሥዕል ታየ። የአጥቢያው ቄስ ዊልያም ጆንስም ነገሩን ሲመረምር፥ የማልምስበሪው መነኵሴ ዊልያም በ12ኛው መቶ ዓመት በዚያ ስፍራ ስላለች ትንሽ ቤተ ክርስቲያን የጻፈውን አገኘ። መጽሐፉና ድንጋዩ ስለ ተስማሙ ሕንጻው ወደ ቀድሞ ክብሩ ተመለሰ። በዚያ ቤት ፊደል የቈጠሩ ልጆች ግን ከምን ቤት ውስጥ ተቀምጠው እንደሚማሩ ሳያውቁ ቀርተዋል።

ጥንታዊ ሕንጻ በመረሳት ብቻ ሳይሆን በክፉ አጠጋገንም ይጠፋል። በ19ኛው መቶ ዓመት ብዙ አጥቢያዎች ቤተ ክርስቲያናቸውን እናሳምር ብለው አሮጌውን ግንብ አፍርሰው በአዲስ ተኩ፤ ከዚያ ጋራም ሊመለስ የማይችል ምስክር ጠፋ። ይህን ያየው ዊልያም ሞሪስ በ1877 ከባልንጀሮቹ ጋራ የጥንት ሕንጻ ጠባቂ ማኅበር አቋቋመ። የማኅበሩ ምክር ሕንጻውን ከማደስ ይልቅ ዕለት ዕለት መጠበቅ ይሻላል የሚል ነው። የጣራውን ውሃ መውረጃ በጊዜው የጠረገ ሰው ግድግዳው ሲፈርስ ለማየት አይደርስምና።

ሁለተኛው መዝገቡ ነው። በ1538 የንጉሥ ሄንሪ 8ኛ ሹም ቶማስ ክሮምዌል ቄሱ በየእሑዱ ጥምቀቱን፥ ጋብቻውንና ቀብሩን በመጽሐፍ እንዲጽፍ፥ መጽሐፉም ሁለት ቍልፍ ባለው ሣጥን እንዲቀመጥ አዘዘ። ወረቀቱ እየተበላሸ ስላስቸገረ በ1598 ሁሉ በብራና እንዲገለበጥ ታዘዘ። ነገር ግን ትእዛዙ ይልቁንም ንግሥት ኤልሳቤጥ ከነገሠችበት ከ1558 ወዲህ ያለውን ስላለ፥ ብዙ ጸሓፊዎች ከዚያ በፊት ያለውን ሳይገለብጡ ተዉት። በብዙ አጥቢያም የ20 ዓመት ልደትና ሞት በዚህ ስንፍና ጠፍቶ ቀረ።

መዝገብ ምን ያህል እንደሚጠቅም በደርቢሺር ያለችው የኢያም መንደር ታስረዳለች። በ1665 ቸነፈር ከሎንዶን በመጣ ጨርቅ ወደዚያች መንደር ገባ ይባላል። በሚከተለው ዓመት በጁን ወር ቄሱ ዊልያም ሞምፐሰንና ከእርሱ በፊት የነበረው ቄስ ቶማስ ስታንሊ፥ በሽታው ወደ ጎረቤት አገር እንዳይደርስ ማንም ከወሰኑ እንዳይወጣ ሕዝቡን መከሩ፤ ሕዝቡም እሺ አለ። የጎረቤት ሰዎች እህሉን በወሰኑ ድንጋይ ላይ እያኖሩላቸው ይሄዱ ነበር፤ ዋጋውንም በሆምጣጤ ውስጥ ተነክሮ ያገኙት ነበር። ጸሎቱም በሜዳ ላይ ሆነ። ሐንኮክ የምትባል ሴት በኦገስት ወር በ8 ቀን ውስጥ ባልዋንና 6 ልጆችዋን ቀበረች። በዚያው ወር የቄሱ ሚስት ካተሪን ሞተች። በሽታው በኖቬምበር 1666 ሲቆም በሙታኑ ዝርዝር የተጻፈው ስም 273 ነበር። እነዚህ ድኾች ገበሬዎችና ሠራተኞች ነበሩ፤ ስማቸው ባይጻፍ ኑሮ መሥዋዕትነታቸው እንደ ተረት በቀረ ነበር።

ሦስተኛው መሬቱ ነው። በዮርክሺር ዋራም ፐርሲ የምትባል መንደር በ1500 ገደማ ባዶ ሆነች። ባለርስቶቹ ከእህል ይልቅ የበግ ጠጕር ትርፍ እንደሚሰጥ አይተው እርሻውን ግጦሽ ስላደረጉት ገበሬው ተሰደደ። ዛሬ ጣራ የሌለው ቤተ ክርስቲያን ብቻ ቆሞ ይታያል። ከ1950 እስከ 1990 ሊቃውንት በየበጋው መሬቱን እየቈፈሩ የገበሬዎቹን ቤት መሠረትና ዕቃቸውን አወጡ። ጸሓፊ ያላስታወሳቸውን ሰዎች መሬቱ አስታወሳቸው።

ከዚህ ሁሉ የሚገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። ግድግዳ ሲፈርስ፥ ወረቀት ሲበሰብስ፥ ሽማግሌ ሲሞት የመንደር ታሪክ አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ መምህር ተማሪዎቹን ወደ አሮጌው ሕንጻ ወስዶ ቢያሳይ፥ ሽማግሌውም የሚያውቀውን ከነዘመኑ ቢያስጽፍ፥ ለሚመጣው ትውልድ ከገንዘብ የሚበልጥ ርስት ያወርሳሉ።