ልጅ አፉን ሲፈታ ቢዘገይ፣ አዋቂ በስትሮክ ቢደክም
ቤት አማርኛ፣ ሰፈር ዓረብኛ፣ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ። ሪያድ የሚያድግ ልጃችን ለመናገር ሲዘገይ ጥፋቱ በቋንቋ ብዛት ይሳበባል። ትክክል አይደለም። ቋንቋ መብዛቱ የንግግር ችግር አያመጣም፤ ችግሩ ያለበት ልጅ በሁሉም ቋንቋ ይቸገራል። አማርኛውን አትተዉበት።

መቼ ይታይ?
✔ በ1 ዓመቱ ስሙ ሲጠራ ዞር ካላለ
✔ በ18 ወሩ ምንም ቃል ካልወጣው
✔ በ2 ዓመቱ «ውሃ ስጪኝ» ዓይነት ሁለት ቃል ካላያያዘ
✔ ይናገር የነበረውን ከተወ

መጀመሪያ መስማቱን አስመርምሩ። ቤት ውስጥ ደግሞ ብርጭቆ ሲጠቁም «ውሃ» በሉትና ትንሽ ጠብቁት፤ አትሽቀዳደሙት።

የንግግር ቴራፒ ለአዋቂም ነው። ከስትሮክ በኋላ ቃል የሚጠፋበትን ብቻ ሳይሆን ሲጠጣ ትን የሚለውንም ይረዳል። እንዲህ ያለውን ሰው ጋደም ብሎ ሳለ አታጉርሱት፤ ቀጥ ብሎ ይቀመጥ፣ መዋጡም ይመርመር።

ኦኩፔሽናል ቴራፒስት የዕለት ኑሮን ያሠለጥናል፤ ለልጅ እርሳስ መያዝና ቁልፍ መቆለፍ፣ ለአዋቂ በገዛ እጁ መጉረስና መልበስ። አንድ ጎኑ የደከመ ሰው ሸሚዝ ሲለብስ በደከመው ክንድ ይጀምር፤ ሲያወልቅ በደህናው።

ሪያድ ውስጥ የሱልጣን ቢን አብዱልአዚዝ የሰብዓዊ አገልግሎት ከተማና ኪንግ ፋህድ ሜዲካል ሲቲ የተሐድሶ ሕክምና ይሰጣሉ። ኢንሹራንሳችሁ ስንት ቀጠሮ እንደሚሸፍን ቀድማችሁ ጠይቁ። አገር ቤት ላላችሁ፣ ዘሚ የኑስ በ2002 እ.ኤ.አ. ያቋቋሙት የጆይ ኦቲዝም ማዕከል አዲስ አበባ ይገኛል።

ጥያቄያችሁን ከሥር ጻፉ፤ የልጁን ስምና ፎቶ ግን አትለጥፉ።