የጥርና የሐምሌ ዋጋ፣ የልጅ ቁመት

ዛሬ የኩንታል ዋጋ አልለጥፍም። ከዋጋው ጋር አብሮ የሚሄድ ሌላ ቁጥር አለ፤ እሱን ላስረዳችሁ።

መቀንጨር ይባላል፤ ልጅ ለዕድሜው ማጠሩ ነው። ከእርግዝና እስከ ሁለት ዓመት ባሉት 1000 ቀናት ምግብ ሲጎድልና በሽታ ሲመላለስ ይመጣል። ካለፈ በኋላ ማካካሱ ከባድ ነው፤ ትምህርት የመቀበል አቅሙንም ይነካል።

በአገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳዎች መሠረት በኢትዮጵያ ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት የቀነጨሩት (ዓመቶቹ እ.ኤ.አ. ናቸው)፦

▪️ 2000 – 58%
▪️ 2011 – 44%
▪️ 2016 – 38%
▪️ 2019 – 37%

መውረዱ ጥሩ ነው፤ ግን አማካይ ብዙ ነገር ይሸፍናል። በ2016 አዲስ አበባ 15% ሲሆን አማራ ክልል 46% ነበር፣ ከክልሎች ሁሉ ከፍተኛው። ጤፍ አምራቹ በልጆቹ ቁመት ከሸማቹ ኋላ ቀረ ማለት ነው።

ለምን? እህል ብቻውን ልጅ አያሳድግም። በዚያው ዳሰሳ ከ6 እስከ 23 ወር ካሉ ሕፃናት በቂ ዓይነትና መጠን ያለው ምግብ ያገኙት 7% ብቻ ናቸው። እንቁላሉና ባቄላው ገበያ ይወጣል፤ በምትኩ ጨው፣ ዘይትና ሳሙና ይገባል።

የእኛን አርብ ገበያ ውሰዱ። ታች ጋይንት፣ ላይ ጋይንትና ስማዳ በሴፍቲኔት የታቀፉ ወረዳዎች ናቸው፤ መሬቱ ጠባብና ገደላማ ነው። ገበሬው ጥር ላይ፣ አውድማው እንደተነሳ፣ ዕዳ ለመክፈል በርካሽ ይሸጣል። ሐምሌ ላይ ያንኑ እህል በውድ ይገዛል። ክረምት ደግሞ ውሃው ደፍርሶ የልጆች ተቅማጥ የሚበረታበት ነው። በሁለቱ ወራት መካከል ያለውን የዋጋ ልዩነት መጨረሻ ላይ የሚከፍለው ሕፃኑ ነው።

ስለዚህ ባቄላ ሲወደድ «ገበሬው ተጠቀመ» ብለን ብቻ አንለፍ። እኔ ሁለት ነገር እጠይቃለሁ፦ አንድ ኪሎ ባቄላ ዛሬ ስንት ኪሎ በቆሎ ይገዛል? የተሸጠውስ ከትርፍ ነው ወይስ ከጓዳ?

ዩኒየኖች፣ ከጥር ግዢያችሁ የተወሰነውን በመጋዘን አቆዩና ሐምሌ ላይ ለአባላት በተመጣጣኝ ዋጋ መልሱ። ላኪዎች፣ ቀብድ አስቀድማችሁ ብትከፍሉ ገበሬው በዕዳ ተገፍቶ አይሸጥም፤ እናንተም የተበጠረ ምርት ታገኛላችሁ።

መንግሥት በ2007 ዓ.ም. በሰቆጣ ቃል ኪዳን ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ መቀንጨርን እስከ እ.ኤ.አ. 2030 ለማጥፋት ቃል ገብቷል። እስከዚያ የቀሩትን ጥርና ሐምሌዎች ቁጠሯቸው፤ ብዙ አይደሉም።