የሸማኔው ጥለትና ኮምፒዩተር

ከሱሉልታ ወደ አዲስ አበባ ስንወርድ እንጦጦን እናልፋለን። ከተራራው ሥር ሽሮ ሜዳ አለ። ሽሮ ሜዳ የሐበሻ ልብስ ገበያ ነው። ልብሱን ከሚሸምኑት ብዙዎቹ በጉለሌና በቡራዩ ይኖራሉ። ሙያውን ከጋሞ ይዘው የመጡ በርካታ ናቸው።

የነጠላን ጥለት እንመልከት። ሸማኔው ድሩን ይቆጥራል። ከዚያ ባለ ቀለሙን ማግ ያሳልፋል። ቁጥሩን የሚይዘው በጭንቅላቱ ነው። አዲስ ጥለት ሲሞክር ክር ይባክናል። ደንበኛ ካልወደደው ደግሞ ድካሙ ከንቱ ነው።

ኮምፒዩተር የሚረዳው እዚህ ላይ ነው። ኮምፒዩተር ሥዕልን በትንንሽ ካሬ ከፍሎ ያሳያል። ጥለትም በካሬ ይቆጠራል። ሸማኔው ቀዩን አረንጓዴ አድርጎ ያየዋል። ግማሹን ከሣለ፣ ሌላውን ግማሽ ማሽኑ ገልብጦ ይሥልለታል። አንድ ክር እንኳ አይባክንም። መሸመኑ ግን ያው የእጅ ሥራ ነው።

ኮምፒዩተርና ሸመና የቆየ ዝምድና አላቸው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1804 ዣካር የሚባል ፈረንሳዊ ጥለትን በካርቶን ቀዳዳ የሚያዝ የሸማ መሣሪያ ሠራ። በኋላ የቀድሞዎቹ ኮምፒዩተሮችም በቀዳዳ ካርቶን ይታዘዙ ነበር።

ታዲያ ዋጋው እንዴት ነው? ጂምፕና ኢንክስኬፕ የሚባሉት የሥዕል ፕሮግራሞች በነፃ ይገኛሉ። ውድ የሚሆነው ኮምፒዩተሩ ነው። ስለዚህ ሸማኔዎች በማኅበር ሆነው አንዱን በጋራ ቢይዙ ይሻላል። ማንበብ የሚችል ሰውም ሌላውን ያስተምር።

ሥዕሉ ሌላም ጥቅም አለው። ዛሬ የጥለት ምስል የታተመበት የፋብሪካ ጨርቅ በርካሽ ይሸጣል። የሸማኔው ድካም ይኮረጃል። በ1987 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 123 ለተመዘገበ አዲስ ንድፍ የ5 ዓመት ጥበቃ ደነገገ። ይህም ሁለት ጊዜ፣ በየ5 ዓመቱ እንዲታደስ ፈቀደ። ከአያት የወረደ ጥለት ግን አዲስ አይባልም። አዲሱን ለማስመዝገብ የሚታይ ሥዕል ያስፈልጋል። በጭንቅላት ብቻ ያለን ነገር ማን ይመዘግበዋል?

ኮምፒዩተር እስኪገኝ ዝም ብለን አንቀመጥ። ባለ ካሬ ደብተርና እርሳስ እንያዝ። አንድ ጥለት ቆጥረን እንሣል። ከሥሩም ስማችንንና ቀኑን እንጻፍ። ማንበብና መጻፍ የተማርነው ለዚህም ነው።